አቦል ምድጃው ላይ አልተጣደም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ቅዳሜ በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ «ቡና» ኮከብና ስለ «አቦል» ፕላኔት የወጣውን ጽሑፍ ያነበብሁት አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ ተከራይተን ከምናነብበት ጥግ ተቀምጬ ነው። ከአጠገቤ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ጽሑፉን ተቀባብለው ጮክ ብለው ሲያነቡት ደስ እያለኝ አዳመጥሁ፤ ስለ ሩቅ ከዋክብት ግማሽ ገጽ ሙሉ መጻፉ በራሱ የሚያስመሰግን ነውና። ሆኖም አንደኛው ወጣት አቦል ኮከቡን በአራት ቀን እንደሚዞርና ከቅርበቱ የተነሣ እንደ ቡና ፍሬ እንደሚቆላ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ሲስቅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ ዝም ብዬ ተነሥቼ መሄድ አልቻልሁም። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የተነገረው ስለ ሌላ ኮከብና ስለ ሌላ ፕላኔት ነው።

በመጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ ለይቼ ላስቀምጥ። ቡና በመዝገብ ስሙ ኤችዲ 16175 የሚባል፣ አንድሮሜዳ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የሚገኝ፣ ከፀሐያችን ጥቂት የሚከብድ ኮከብ ነው። ስሙን ያገኘው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ለስያሜ ባከፋፈለ ጊዜ ነው። ፕላኔቱ አቦል በትንሹ የጁፒተርን አራት እጥፍ የሚመዝን ግዙፍ ሲሆን፣ ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር 990 ቀን ገደማ፣ ማለትም ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ይፈጅበታል። ከኮከቡ ያለው ርቀትም ምድር ከፀሐይ ያላትን ርቀት ሁለት እጥፍ ያህላል። በቡና ሥርዓታችን ቋንቋ እንነጋገር ከተባለ፣ አቦል ምድጃው ላይ የተጣደ ሳይሆን በሩ አካባቢ የተቀመጠ እንግዳ ነው።

ጽሑፉ የገለጸው፣ ኮከቡን በአራት ቀን የሚዞረው ፕላኔት የ51 ፔጋሲ ነው። ይህ ኮከብ ከእኛ 50 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ፣ በመጠንም በሙቀትም ፀሐያችንን እጅግ የሚመስል ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሄልቬቲዮስ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ፕላኔቱ ደግሞ ዲሚዲየም ተብሏል፤ ቃሉ በላቲን «እኩሌታ» ማለት ሲሆን የተመረጠውም የፕላኔቱ ክብደት ቢያንስ የጁፒተርን ግማሽ ያህል በመሆኑ ነው። ግማሽ ጁፒተር ማለት ምድራችንን 150 ጊዜ ያህል የሚመዝን ነገር ነው። ይህ ሁሉ ክብደት ኮከቡን የሚዞረው በ4 ቀን ከ5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ቢኖሩበት ኖሮ ሰኞ ማለዳ እንቁጣጣሽን ያከበረ ሰው ዓርብ ከምሳ በኋላ እንደገና እንቁጣጣሽ ይደርስበት ነበር። ከኮከቡ የሚርቀው ስምንት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው ሜርኩሪ እንኳ በአማካይ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የፕላኔቱ ሙቀት ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚጠጋ ይሰላል። «ይቆላል» የሚለው ቃል ለዚህኛው ቢነገር እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ የምገምት ይመስለኛል። የስዊዘርላንዶቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ይህን ፕላኔት በማግኘታቸው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ከጄምስ ፒብልስ ጋር መካፈላቸው የተነገረው በመስከረም 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያው ሳምንት የሰላም ሽልማቱ ለአገራችን ጠቅላይ ሚኒስትር መሰጠቱ ስለተሰማ፣ እዚህ አዲስ አበባ የፊዚክሱን ዜና ልብ ያለው ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሦስት ወር ሳይሞላ ደግሞ የቡናና የአቦል ስያሜ ይፋ ሆነ፤ በዚያው ሳምንት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። ይህ ሁሉ የሰማይ ወሬ በአንድ ሰሞን ስለመጣ፣ ከዓመታት በኋላ ከትዝታ ሲጻፍ አንዱ ከሌላው መደባለቁ ብዙ አያስገርምም። የሚያስገርመኝ ከመታተሙ በፊት አለመታረሙ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሥዕሉ ነው። ከጽሑፉ በላይ ከሚንቀለቀል ኮከብ ጎን የቆመ ብርቱካንማ ግዙፍ ኳስ ታትሞ ከሥሩ «ፕላኔቱ በቴሌስኮፕ ሲታይ» ተብሏል። ይህ በሠዓሊ እጅ የተሠራ ምስል ነው። እንዲህ ለኮከቡ የተጠጋ ፕላኔት በኮከቡ ብርሃን ስለሚዋጥ፣ ከ50 የብርሃን ዓመት ርቀት እንዲህ ለይቶ ያነሣው ካሜራ የለም። የኋላ ኋላ በአራት ኪሎው ጥግ ለወጣቶቹ ይህን ስነግራቸው ታናሽየው ወዲያው «ካላዩት ታዲያ በምን አወቁት?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ጽሑፋችሁም መመለስ የነበረበት ይህንኑ ነበር። እኔ በቁሜ በአምስት ደቂቃ የመለስሁለትን እዚህ ላይ ጥቂት ዘርዘር ባደርገው ይፈቀድልኝ።

አባት ትንሽ ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክር ያየ ሰው፣ ልጁ ሰፊ ክብ ሲሠራ አባትየውም በቆመበት እንደማይረጋ አስተውሎ ይሆናል፤ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ እግሩን እየቀያየረ፣ እርሱም ትንሽ ክብ ይሠራል። ኮከብና ፕላኔትም እንዲሁ ናቸው። ፕላኔቱ ኮከቡን ይዞራል ስንል ለአነጋገር እንዲመቸን ነው እንጂ፣ ሁለቱም የሚዞሩት የክብደታቸው ሚዛን በሚገኝበት አንድ ነጥብ ዙሪያ ነው። ልጁ በጨለማ ውስጥ ቢሆንና አባትየው ብቻ ቢታየን፣ ከአባትየው መወዛወዝ ተነሥተን ልጁ መኖሩን፣ በስንት ጊዜ አንድ ዙር እንደሚጨርስና በግምት ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ እንችላለን። 51 ፔጋሲ የሚወዛወዘው በሰከንድ ከ56 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ነው፤ ይህም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ የሚያስቆምበት ፍጥነት ነው፤ ለአንድ ኮከብ ግን ከመንቀጥቀጥ አይቆጠርም። ለማነጻጸር፣ የእኛው ጁፒተር ፀሐይን የሚወዘውዛት በሰከንድ ወደ 12 ሜትር ተኩል በሚጠጋ ፍጥነት ነው፤ ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርድ ሚኒባስ ከዚህ ብዙ አይለይም። ያውም አንዱ ውዝዋዜ እስኪሞላ 12 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣና ከእኛ ሲርቅ ያለው ልዩነት ከብርሃኑ ይነበባል። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የበር ደወል ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ በገመድ አስሬ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ መሐል ከራሴ በላይ አሽከረክረው ነበር። ዳር ቆመው ለሚሰሙት ተማሪዎች ድምፁ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል፤ ደወሉ ወደ እነርሱ ሲመጣ ይቀጥናል፣ ሲሸሽ ይወፍራል። ለእኔ ለባለ ገመዱ ግን ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ ጊዜ ገመዱ ተበጥሶ ደወሉ የርእሰ መምህሩ መስኮት ድረስ መሄዱን ሳልጠቅስ ባልፍ የዚያን ዓመት ተማሪዎች ይታዘቡኛል። ብርሃንም ሞገድ ስለሆነ ያው ነገር ይደርስበታል፤ ምንጩ ሲቀርብ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅ ወደ ቀዩ ወገን ጥቂት ይሸሻል። የኮከብ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቶ ሲታይ በመካከሉ በሺሕ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉበት፤ እነዚህም በኮከቡ ከባቢ አየር ያሉት ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ብርሃኑን የመጠጡባቸው ቦታዎች ናቸው። ሥነ ፈለከኞቹ የሚለኩት የእነዚህን መስመሮች ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። በ51 ፔጋሲ ላይ ሽሽቱ ከአምስት ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ በአንድ መስመር ፈጽሞ አይታወቅም፤ ሺሕዎቹ በአንድነት ሲታዩ ግን ይገለጣል።

ማዮርና ኬሎ ሥራውን የሠሩት በደቡብ ፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ በሚገኘው የምልከታ ጣቢያ፣ 1.93 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ላይ ኤሎዲ የተባለውን የብርሃን መተንተኛ ገጥመው ነው። 51 ፔጋሲን መለካት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1994 መስከረም ነበር። ኬሎ ያን ጊዜ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ መጀመሪያ የጠረጠረውም መሣሪያውን እንጂ ኮከቡን አልነበረም። ፀሐይ በዚያ የሰማይ ክፍል ስታልፍ ኮከቡ ለወራት ስለማይታይ፣ ውዝዋዜው ተመልሶ ኮከቡ ሲታይ የት ላይ ሊገኝ እንደሚገባው አስልተው ጠበቁ፤ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌም ልኬቱ ካሰሉት ጋር ገጠመ። ይህ ነጥብ ለእኔ ከኖቤሉ ይበልጥብኛል። መስከረም 25 ቀን 1988 ዓ.ም. በጣሊያን ፍሎረንስ ለባልደረቦቻቸው ተናገሩ፤ ወዲያውም ጄፍሪ ማርሲና ፖል በትለር በካሊፎርኒያው የሊክ ምልከታ ጣቢያ ለክተው ያንኑ አገኙ።

ይህን የመሰለ ፕላኔት እንዴት እስከዚያ ድረስ ሳይፈለግ ቆየ የሚለውን ጽሑፋችሁ አልነካውም። ኦቶ ስትሩቨ የተባለው ሥነ ፈለከኛ በፈረንጆቹ 1952 ባወጣት አጭር ጽሑፍ፣ ግዙፍ ፕላኔት ለኮከቡ እጅግ ተጠግቶ በጥቂት ቀን የሚዞር ቢሆን በዚያው ዘመን በነበረው መሣሪያ እንኳ ሊገኝ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም። ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ያወቁት ነገር ነው፤ የሚታወቀው ሥርዓተ ፀሐይ የእኛው አንዱ ብቻ ስለነበር፣ በእርሱም ትናንሾቹ ዓለታማ ፕላኔቶች ከውስጥ፣ ግዙፎቹ ከውጭ ስለሆኑ፣ ሌላውም ሁሉ እንዲሁ መሆን አለበት ተብሎ ታመነ። ንድፈ ሐሳቡም ይህን ይደግፍ ነበር። ግዙፍ ፕላኔት ለመሠራት ብዙ ጠጣር ነገር ይሻል፤ ከኮከቡ ርቆ፣ ውሃ በረዶ ሆኖ በሚቆይበት ስፍራ ጠጣሩ ይበዛል፤ በዚያ ያደገው እንብርት ጋዙን ወደ ራሱ ይስባል። ለኮከቡ በተጠጋው ሙቅ ስፍራ ግን በረዶ አይኖርም። ስለዚህ ጁፒተርን ወይም ግማሹን የሚያህል ነገር በስምንት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ማግኘት በምድጃ ላይ በረዶ የማግኘት ያህል ነበር።

ዛሬ በሰፊው የሚታመነው፣ እነዚህ «ትኩስ ጁፒተሮች» የሚባሉት ፕላኔቶች በሩቅ ተሠርተው ወደ ውስጥ የተሰደዱ መሆናቸው ነው። አንደኛው መንገድ ፕላኔቱ ገና በወጣትነቱ ከተወለደበት የጋዝና የአቧራ ዝርግ ጋር እየተሳሳበ ቀስ በቀስ ወደ ኮከቡ መቅረቡ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከሌላ ግዙፍ አካል ጋር ተገፋፍቶ ወደ ተለጠጠ ምሕዋር፣ ማለትም የዙር መንገድ፣ ከገባ በኋላ የኮከቡ ስበት መንገዱን ክብ እያደረገ ማጥበቡ ነው። የቱ መንገድ ለየትኛው ፕላኔት እንደሠራ እስካሁን ይከራከሩበታል። እንዲህ ያሉ ፕላኔቶች መጀመሪያ የተገኙት ብዙ ስለሆኑ ሳይሆን በቀላሉ ስለሚያዙ መሆኑንም ማከል ይገባል፤ ከባድና ቅርብ የሆነው ኮከቡን አብዝቶ ይወዘውዛል፣ ዙሩንም ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ «አብዛኞቹ ከዋክብት እንዲህ ያለ ፕላኔት አላቸው» የሚለው የጽሑፋችሁ ዐረፍተ ነገርም መታረም አለበት፤ ፀሐይን ከሚመስሉ ከመቶ ከዋክብት ትኩስ ጁፒተር የሚኖረው ለአንድ ያህሉ ቢሆን ነው።

ውዝዋዜው የፕላኔት ነው ወይስ ኮከቡ ራሱ እየተርገበገበ ነው ብለው የተጠራጠሩም ነበሩ። በፈረንጆቹ 1997 ይህን የሚል ጥናት በታዋቂ መጽሔት ወጥቶ ነበር፤ ጸሐፊው በቀጣዩ ዓመት በተሻለ ልኬት መርምሮ የራሱን ሐሳብ ራሱ ሻረው። ጥርጣሬውን በሙሉ የዘጋው ግን በዚያው በፔጋሰስ ኅብረ ከዋክብት ያለ ሌላ ኮከብ ነው። ኤችዲ 209458 የተባለውን ኮከብ በሦስት ቀን ተኩል የሚዞረው ፕላኔት በእኛና በኮከቡ መካከል ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ሲደበዝዝ በፈረንጆቹ 1999 ታየ፤ ድብዘዛውም የተከሰተው ከውዝዋዜው በተሰላው ሰዓት ነበር። የ51 ፔጋሲው ፕላኔት ግን እንዲህ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ስለማይታይ ስፋቱ በዚህ መንገድ አልተለካም። ክብደቱን ስንናገርም «ቢያንስ» የምንለው ምሕዋሩ ወደ እኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ ውዝዋዜው ብቻውን ስለማይነግረን ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። «50 የብርሃን ዓመት» ጊዜ ሳይሆን ርቀት ነው፤ ብርሃን በ50 ዓመት የሚጓዘው መንገድ ማለት ነው። ዛሬ ማታ ከ51 ፔጋሲ ዓይናችን ላይ የሚያርፈው ብርሃን የተነሣው የእኔ ትውልድ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር በወጣበት ሰሞን ነው። ፕላኔትን «ኮከብ» እያሉ መጻፍም ለአንባቢው ነገሩን ያወሳስብበታል፤ አንዱ የራሱን ብርሃን ያመነጫል፣ ሌላው አያመነጭም።

ወጣቶቹ ኮከቡን በዓይናቸው ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበርና ለሌሎች አንባቢዎችም ልንገር። በጥቅምት አጋማሽ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በአዲስ አበባ ላይ «የፔጋሰስ አራት ማዕዘን» የሚባሉት አራት ደማቅ ከዋክብት አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ሠርተው ከአናታችን በላይ ይገኛሉ። በምዕራብ ጎን ያሉት ሁለቱ ሺያትና ማርካብ ናቸው፤ 51 ፔጋሲ በእነዚህ ሁለት መካከል፣ ከአራት ማዕዘኑ ጥቂት ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ ከአናታችን ትንሽ ወደ እንጦጦ በኩል ዘንበል ብሎ ይገኛል። አራቱ ደማቆቹ ከአራት ኪሎ አደባባይም ይታያሉ። 51 ፔጋሲ ግን በጨለማ ሰማይ ብቻ በጭንቅ የሚለይ ደብዛዛ ስለሆነ፣ የመንገዱ መብራት ባለበት ያለ አጉሊ መነጽር አይሞከርም፤ ከከተማ ወጣ ማለት ወይም ሁለት ዓይና መነጽር መያዝ ያስፈልጋል። ቡና ደግሞ በባዶ ዓይን ከየትም አይታይም። ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የቆሙበት የእንጦጦ ምልከታ ጣቢያ ከጋዜጣችሁ ቢሮ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ወደፊት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታዘጋጁ እዚያ ላሉ ባለሙያዎች አንድ ጊዜ ብታሳዩአቸው የእኔ ደብዳቤ አያስፈልጋችሁም ነበር።

እስከዚያው ግን በሚቀጥለው እትማችሁ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ገጽ፣ የሚከተለው ማረሚያ እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ «ባለፈው ሳምንት እትማችን አቦል የተባለው ፕላኔት ኮከቡን በአራት ቀን እንደሚዞር የገለጽነው በስሕተት ነው። በአራት ቀን ከአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚዞረው የ51 ፔጋሲ ፕላኔት ዲሚዲየም ነው፤ አቦል 990 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከጽሑፉ ጋር የታተመው ምስል ፎቶግራፍ ሳይሆን ሥዕል ነው።»

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር፣
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ